የምዕራብ ጓሮ ትልልቆች

ቡላው ወንድ ድመት ቁርሱን አሽትቶ ብቻ መመለሱን አሳዳሪው ለዶክተር ሐረገወይን የነገራት ገና ከባቡር ሳትወርድ ነበር።

«ጥርሱን ሳያመው አይቀርም» አላት በጆሮዋ ባደረገችው ማዳመጫ። «ትንፋሹ መግል መግል ይላል። በሴት ድመት ድምፅ ጠርቼ ክሊኒክ አስገብቼዋለሁ።»

«ተናደደ?»

«በጣም። ገብቶ ማንንም ሲያጣ በሩ ላይ ሸናበት።»

ሐረገወይን ሳቋ አመለጣት። አጠገቧ የቆሙት ተሳፋሪዎች ዘወር ብለው እንኳ አላዩዋትም፤ በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ ብቻውን የሚያወራና የሚስቅ ሰው ብርቅ አልነበረም።

የምትሠራው ከከተማዋ ዳር በተንጣለለው መሸጋገሪያ ነው። ከባሕር የመጣ ዕቃ ሁሉ እዚያ ይራገፋል፣ ይለያል፣ መልሶ ይጫናል፤ የሰው እጅ ግን አይነካውም። ስንዴው፣ ዘይቱ፣ የታሸገው ዓሣ፣ የግመል ወተቱ በየመጋዘኑ ተደርድሮ ተራውን ይጠብቃል። ዕቃው አይጡን ሳበ፣ አይጡ ድመቱን። የቀድሞዎቹ ኃላፊዎች ድመቶቹ ሲበዙባቸው መርዝ በተኑ። በየመጋዘኑ ደጃፍ ተዘርረው ያደሩት ድመቶች ምስል አገሩን አዳረሰ፤ ቁጣ ተነሣ፤ በመጨረሻም ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በንግድ ቦታ ግቢ ውስጥ የተገኘ ባለቤት የለሽ እንስሳ አይባረርም፣ አይገደልም። ቀለብ ይሰፈርለታል፣ ሲታመም ይታከማል፣ እንዳይበዛ ይመክናል፣ ከለመደበት ቦታም አይነቀልም።

ይህን ሕግ እንዲያስፈጽም የተሠራው አሳቢ ማሽን ነው አሳዳሪ የተባለው። በየጓሮው ከጉልበት የማይበልጡ አጫጭር ምሰሶዎች አሉት። ድመት ሲጠጋቸው የሰውነቱን ሙቀት፣ የትንፋሹን ሽታና የልቡን ምት ለይተው የሚበቃውን ያህል መኖ ያፈሱለታል። ዓይን ግን የላቸውም። ነጋዴዎቹ ጓሯችን ውስጥ ምስል የሚያነሣ ነገር አይቆምም ብለው ስለተሟገቱ አሳዳሪው ድመቶቹን በመልክ አያውቃቸውም።

ሐረገወይን ክሊኒኩ ስትደርስ ቡላው ጥግ ይዞ ተነፋፍቶ ጠበቃት። ፎጣ ጣል አድርጋ ጠቀለለችውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጠረጴዛው እናት ድመት ግልገሎቿን ስታጠባ እንደምታሰማው ያለ ድምፅ እያሰማ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የድመቱ ጡንቻ ላላ። ማደንዘዣውን ወጋችው፣ የበሰበሰውን ጥርስ ነቀለች፣ መግሉን ጠረገች።

ድሮ፣ ተማሪ ሳለች፣ ይህ ሥራ ሌላ ነበር። ወጥመድ ውስጥ ሰርዲን አስቀምጦ ማድፈጥ፣ የተያዘውን በጨርቅ ሸፍኖ ማምጣት፣ ወንዱን ማኮላሸት፣ የሴቷን ሆድ ከፍቶ ማምከን፣ ከዚያ እንዳይደገምባቸው የጆሯቸውን ጫፍ ቆርጦ ካሉበት መመለስ። አሁን ያ ሁሉ ቀርቷል። መኖው ውስጥ ልጓም አለ። ልጓም እሷ ራሷ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና ያበጀችው ቅንጣት ነው፤ ድመት እስከበላችው ድረስ አታረግዝም፣ ወንዱም አያስረግዝም። ቢላ የለ፣ ደም የለ። በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ የምትኮራበት እሱ ነበር።

«ሌላስ ምን አለ?» አለች እጇን እየታጠበች።

«የምዕራብ ጓሮዎቹ ሳል በርትቶባቸዋል። ለትልልቆቹ መድኃኒት ጨምሬላቸዋለሁ።»

«የትኞቹ ትልልቆች?»

«ከዝናቡ በፊት የመጡት። አንድ ድመት በሳምንት የሚበላውን በአንድ ጊዜ ይጨርሳሉ። ሲመጡ በሆዳቸው ተስበው ነው።»

ሐረገወይን እጇን ማድረቁን ተወችው። «ይህን ያህል የሚበላ ድመት የለም።»

«እኔም ገርሞኝ ነበር። ግን ይሞቃሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ይርባቸዋል። መለያ የላቸውም። መለያ የሌለው ደግሞ ባለቤት የለሽ እንስሳ ነው። ሕጉ ከዚህ ሌላ አይጠይቀኝም።»

መለያ ማለት ሰው ሁሉ በእጅ አንጓው ቆዳ ሥር የሚያስቀብራት የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር ናት። ያለ እሷ በር አይከፈትም፣ ባቡር አያሳፍርም፣ ሐኪምም አያይም። ሐረገወይን መለያ የሌለው ሰው ሊኖር ይችላል ብላ አላሰበችም። የታያት ጅብ ነበር። የማደንዘዣ ቀስት የሚተኩሰውን መሣሪያ ከመደርደሪያው አንሥታ ወጣች።

የምዕራቡ ጓሮ ከትልቁ ማቀዝቀዣ መጋዘን ጀርባ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሰው እግሩን አያሳርፍበትም። ከመጋዘኑ ሥር የድሮ የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ አፉ በሰበዝ የተጋረደ። የማቀዝቀዣው ቀዝቃዛ አየር በግድግዳው ስንጥቅ እየሾለከ ወደዚያ ቦይ ይገባል። መጋቢው ምሰሶ የተተከለው አፉ ላይ ነበር።

ሐረገወይን ተጎንብሳ ስትመለከት አንዲት ወጣት ሴት በደረቷ ተኝታ አገኘች። ድስት ከምሰሶው አፍ ሥር ደቅናለች፤ አፏን አስጠግታ «ሃ… ሃ…» እያለች ትተነፍስበታለች። ምሰሶው መኖውን ሽው እያደረገ ድስቱ ውስጥ ያፈሳል።

ሴትየዋ መሣሪያውን ስታይ አልጮኸችም። ድስቱን ወደ ደረቷ ሳበች። «እንዳትተኩሺ» አለች። «ሰው ነን።»

ሐረገወይን መሣሪያውን ከኋላዋ አስቀመጠች።

«ፈትያ እባላለሁ» አለች ሴትየዋ ቀስ ብላ እየተነሣች። «ዘበኛ አይደለሽም። ዘበኛ ተጎንብሶ አያይም። አቦ ነይ ግቢ፣ ፀሐዩ ያዞርሻል።»

ውስጡ ቀዝቀዝ ያለና ከታሰበው በላይ ንጹሕ ነበር። በየግድግዳው ሥር ካርቶን ተነጥፏል። ጥቂት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ እያሳለው የተኛም አለ። ሁሉም ማሽኖቹ ከመምጣታቸው በፊት መሸጋገሪያው ላይ ጫኝና አውራጅ የነበሩ ናቸው። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት አባባ ቡልቶ፣ የአውራጆቹ አለቃ የነበሩ ሰው፣ ለእንግዳዋ ካርቶን ለቀቁላት።

«መለያችንን ያወጣልን ሥራው ነበር» አሏት። «ሥራው ሲያልቅ መለያውንም አብረው ዘጉት። ሌላ ለማውጣት የቤት አድራሻ ይጠየቃል፤ ቤት ለመከራየት ደግሞ መለያ። ይኸው እንግዲህ፣ በስተርጅና የድመት ቀለብተኛ ሆንን።» ሳቁ። «ግን ሙት ወቃሽ አያድርገን፤ ማሽኑ ደግ ነው። እኔ ስስል ሰምቶ መድኃኒት ጨመረልኝ። ልጄ እንኳ እንዲህ አላደረገልኝም።»

ፈትያ መኖውን በድንጋይ ስትፈጭ፣ ስትነፋ፣ በውኃና በበርበሬ ስታሸው ሐረገወይን ተቀምጣ አየች። ከበርሜል ክዳን የተሠራ ምጣድ ላይ ቂጣ ጋገረች። ሽታው የዓሣ ነው፤ በርበሬው ግን ሸፈን አድርጎታል። ሰዎቹ እየቆረሱ ይቀባበሉ ጀመር። ፈትያ ለእንግዳዋ የሚሆነውን ስትሰጣት ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ዶክተር ነሽ አይደል? ልብስሽ የሐኪም ነው።»

«የእንስሳት ሐኪም ነኝ።»

«ሐኪም ሐኪም ነው። ወንዶቹ ሳይሰሙ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የወር አበባዬ ከቀረ ቆየ። አርግዤ መስሎኝ ለባሌ፣ ለሙክታር ነገርኩት። ደስታውን ብታዪው! ለልጁ አልጋ ይሆናል ብሎ ያንን ሣጥን ፈልጎ አመጣ።» ጥግ ላይ የተቀመጠ የቴምር ሣጥን አሳየቻት፤ ውስጡ በጨርቅ ተሸፍኗል። «ይኸው እስካሁን ሆዴ ባዶ ነው። ምን ሆኜ ይሆን?»

ሐረገወይን በእጇ የያዘችውን ቂጣ አየች። ከዚያ የፈትያን አፍ አየች፤ እያኘከች ነበር።

«አትብዪው» አለች። ድምፅዋ ሳታስበው ጎላ ብሎ ወጣ። «ማናችሁም አትብሉት። ትፉት!»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ነገረቻቸው። ለድመት ተብሎ የተሠራ መሆኑን፣ ውስጡ ምን እንዳለ፣ ምን እንደሚያደርግ። የሠራችውም እሷ ራሷ መሆኗን ጭምር ነገረቻቸው። ከቦዩ ጥግ አንድ ረጅም ወጣት ተነሣ፤ ጣሪያው ስለማያስቆመው ጎንበስ እንዳለ ቆመ። ሙክታር ነበር።

«ለዘለቄታው ነው?» አለ።

«በድመት ከሆነ መኖው ሲቋረጥ ይለቃል። በሰው… በሰው አልተሞከረም። አላውቅም።»

ሙክታር ሄዶ የቴምሩን ሣጥን አነሣ፤ የት እንደሚያደርገው ግን አላወቀም፤ ታቅፎት ቆመ። ፈትያ አላለቀሰችም። ገና ያልተጋገረውን ሊጥ በመዳፏ እየዳመጠች ቆየችና ቀና አለች።

«እሺ» አለች። «ነገ ታዲያ ምን እንብላ?»

ሐረገወይን ከካርቶኑ ተነሣች። አስተካክለዋለሁ ብላ ወጣች።

እየተራመደች ለአሳዳሪው ነገረችው፤ «ከምዕራብ ጓሮ መኖ ውስጥ ልጓሙን አውጣ።»

«አልችልም ዶክተር። ያልመከነ እንስሳ መቀለብ ሕግ ይከለክላል። ሐኪም ለታመመ እንስሳ አንድ በአንድ ሊፈቅድ ይችላል እንጂ ለጓሮ ሙሉ አይቻልም።»

«እንስሳ አይደሉም!»

«ይህን ለመቀየር የግቢው ኃላፊ ባለበት መናገር አለብሽ።»

የግቢው ኃላፊ አቶ ሚልክያስ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጠጉራቸው ሸብቷል፤ ለማንም ክፉ ቃል ሲናገሩ ተሰምተው አያውቁም። የምትለውን ሁሉ ሳያቋርጡ ሰሟት። ስትጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን ነው የሚያውቁት?»

«ሰዎች መሆናቸውን። መኖው እንዲያ ሲያልቅ አንድ ቀን ሄጄ አየሁ። ስለ ልጓሙ ግን ምዬ ተገዝቼ እነግርሻለሁ፣ አላሰብኩትም። እየበሉ ነው፣ ቦታውም ይቀዘቅዛል፣ ማንም አይነካቸውም ብዬ ዝም አልኩ።»

«ያቺ ልጅ አርግዣለሁ ብላ አልጋ አዘጋጅታለች፤ ያውቃሉ?»

አቶ ሚልክያስ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ቆይ፣ ተረጋጊ ሐረግ። በጥድፊያ አይሆንም። ድመት ከሆኑ የእኔና የአንቺ ጉዳይ ናቸው። ሰው ከሆኑ የዘቡ ጉዳይ ነው የሚሆኑት። ገብቶሻል?»

አልገባትም፤ ወይም ሊገባት አልፈለገም። ጆሮዋ ውስጥ ያለው «ነገ ታዲያ ምን እንብላ?» የሚለው ድምፅ ነው። ሰው በስሙ ይጠራ እንጂ፤ ከዚያ ሌላው ይከተላል፤ ሰው መሆናቸው ከታወቀ የሰው ምግብ፣ የሰው ሐኪም ይመጣላቸዋል፤ ያሰበችው ይህን ነው።

«አሳዳሪ፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማለሁ።»

«በምዕራብ ጓሮ ያሉት ትልልቆቹ ድመቶች አይደሉም። ሰዎች ናቸው።»

«ገባኝ» አለ አሳዳሪው። «ስህተቴን አርሜያለሁ። መጋቢው ከእንግዲህ አያበላቸውም። በግቢው ውስጥ መለያ የሌላቸው ሰዎች መኖራቸውንም ለዘቡ አስታውቄያለሁ።»

ሐረገወይን ወደ አቶ ሚልክያስ ዞረች። እሳቸው መነጽራቸውን እያነሡ ነበር።

«ያስቁሙት» አለች።

«ዘቡ የእኔ አይደለም። የማንም አይደለም።» አቶ ሚልክያስ ወደ መስኮቱ ሄዱ። «ነገርኩሽ እኮ።»

ዘቡ ግቢውን የሚጠብቀው ሌላው ማሽን ነው። ሐረገወይን እየሮጠች ስትደርስ ዝቅ ያሉ ግራጫ ጋሪዎች ከቦዩ አፍ ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። የሴት ድምፅ፣ ለስላሳ፣ እንደ ሆቴል አስተናጋጅ ያለ፣ ደጋግሞ ይናገራል። «የተከበራችሁ እንግዶች፣ እባካችሁ ንብረቱን ለቃችሁ ውጡ። ስለ ትብብራችሁ እናመሰግናለን።» በቦዩ ስንጥቅ ይገባ የነበረው ቀዝቃዛ አየር ተዘግቶ በምትኩ ሙቅ አየር እየተነፋ ነበር። ማንም ማንንም አልመታም፤ መምታት አላስፈለገም።

አንድ በአንድ ወጡ። በሆዳቸው እየተሳቡ ወጥተው ፀሐዩ ላይ ሲቆሙ ዓይናቸውን ይጋርዳሉ። አባባ ቡልቶን ሁለት ሰዎች ደግፈዋቸዋል። የጓሮው ድመቶች መጋቢው ላይ ተሰብስበው መኖ እየበሉ ነበር፤ እነሱን እንዳይነኩ የዘቡ ጋሪዎች ተጠንቅቀው ያልፏቸዋል። አንዲት ዝንጉርጉር ድመት መንገዱ መካከል ተቀምጣ መዳፏን ስትልስ አንዱ ጋሪ ቆሞ ጠበቃት።

ፈትያ ድስቷን ይዛ ሐረገወይን ፊት ቆመች። «ሰው ናቸው ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ውሸት አልተናገርሽም» አለች ፈትያ፤ ሌላ ምንም ሳትጨምር አልፋት ሄደች።

ከአጥሩ ውጭ ጥላ የለም። ሐረገወይን ተከትላ ወጣች። ሙክታርንና ፈትያን ይዛ መንገዱ ማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። በሩ ግን ለፈትያ አልተከፈተም። ሐረገወይን የራሷን አንጓ አስጠግታ ስታስከፍተው፣ በሩ ባዶውን ተከፍቶ፣ ፈትያ ልትገባ ስትል ተዘጋ። ውስጥ ያለችው ነርስ በመስታወቱ አየቻቸው፤ ከንፈሯን ነከሰች፤ አንጓዋን በጣቷ እየነካች ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። የምታዝን ትመስላለች። ያለ መለያ የታየ ታካሚ የነርሷን መለያ ያስዘጋል።

የሐረገወይን ክሊኒክ አንድ በሩ ወደ መሸጋገሪያው ግቢ፣ አንድ በሩ ወደ መንገዱ ነው፤ የከተማው ሰው የመንገድ ድመት ሲያገኝ በዚያ እንዲያስገባ ተብሎ የተሠራ፣ መለያ የማይጠይቅ። ወደዚያ አመጣቻቸው። ሽማግሌዎቹም ተከትለው መጡ፤ አባባ ቡልቶ ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፣ ሌሎቹ በሩ ላይ ቆዩ። ፈትያ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቡላው ድመት ከማደንዘዣው ነቅቶ ከማገገሚያ ሣጥኑ ውስጥ ያያታል።

«ልጓም በደም ውስጥ መኖር አለመኖሩን የሚለካ መሣሪያ ያለው እዚህ ብቻ ነው» አለች ሐረገወይን፤ ከፈትያ ክንድ ትንሽ ደም ቀዳች። «አሳዳሪ፣ መርምርልኝ።»

«የሰው ደም ነው» አለ አሳዳሪው። አሁን ድምፁ ለሁሉም ይሰማል። «የሰው ደም እንድመረምር አልተፈቀደልኝም። ይቅርታ።»

ሐረገወይን ጠርሙሷን በጣቶቿ መካከል እንደያዘች ቀረች። ማድረግ ያለባትን ታውቃለች፤ ግን ልጅቷ ፊት እንዴት ብላ ትናገረው?

ቀድማ የገባት ፈትያ ነች። «ድመት ናት በይው» አለች።

«ፈትያ…»

«በይው እንጂ አቦ! ስም ምን ያደርግልኛል? ሆዴ ውስጥ ያለውን ልወቅ።»

«ድመት ናት» አለች ሐረገወይን። ዝቅ ብሎ፣ ግን ጥርት ብሎ ወጣ። «ይህ የድመት ደም ነው። እኔ ሐኪሟ ነኝ፤ በእኔ ኃላፊነት መዝግብ።»

መሣሪያው ሽር አለ። ሙክታር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ልጓም አለባት» አለ አሳዳሪው። «ብዙ ነው። በሌሎች ድመቶች መኖው ሲቀር ቀስ በቀስ ይለቃል። እንዲህ ያለች ትልቅ ድመት ግን መርምሬ አላውቅም። ሊለቃት ይችላል ከማለት በቀር የማውቀው የለም።» ቀጠለ። «ምርመራው አልቋል። ባለቤት የለሽ እንስሳ ከሕክምና በኋላ ወደተገኘበት ቦታ መመለስ አለበት፤ ማንም እንዳይነቅለው ሕጉ ይጠብቀዋል። ወደ ምዕራብ ጓሮ ልመልሳት? ለዘቡ ልንገረው?»

አባባ ቡልቶ ቀና አሉ። ለሁሉም በአንድ ጊዜ ገባቸው። ጋሪዎቹ ቆመው ይጠብቋቸዋል፤ ቀዝቃዛው አየር ይመለሳል፤ ቀለብ ይሰፈራል። ልጓሙንም ሐረገወይን ታመዋል ብላ አንድ በአንድ ልታስቀርላቸው ትችላለች።

ሙክታር ከግድግዳው ዞረ። «እኔ አልመለስም» አለ። «በሆዴ ተስቤ ከዚያ ጉድጓድ ስወጣ ሰው ነህ ተብዬ ነው የወጣሁት። ያባረረኝ ይኸው ስም ነው፤ አውቃለሁ። ቢሆንም አልመልሰውም።»

«የት ልትሄድ?» አለች ፈትያ።

«አላውቅም።»

ፈትያ ባሏን አየችው። ከዚያ ከጠረጴዛው ወረደች። ክንዷ ላይ የተለጠፈውን ጥጥ ተጫነችው፤ ድስቷን አነሣች።

«አንቺ መመለስ ትችያለሽ» አላት ሐረገወይን። «ልጓም የሌለበት መኖ እንዲሰጥሽ አዛለሁ። ጥላ አለ። ቢያንስ ደምሽ እስኪጠራ…»

«ልጅ ብወልድስ?» አለች ፈትያ። «እዚያ ብወልደው ማሽኑ ምን ብሎ ይቆጥረዋል?»

ሐረገወይን ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ቡላውን ድመት ተመለከተች።

«እንግዲያው ተይኝ።» በሩ ላይ ስትደርስ ዘወር አለች። «ሊለቃት ይችላል አይደል ያለው? ሰምቻለሁ። እሱን ይዤ እሄዳለሁ።»

መንገዱን ተሻግረው ሲሄዱ ሐረገወይን በመስኮቱ ተመለከተቻቸው። ሙክታር ድስቱን ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ፣ እሷ አልሰጠውም ስትል፣ መልሶ ሲጠይቃት አየች። ከዚያ የከተማው አቧራ ዋጣቸው።

ሽማግሌዎቹ ግን አልሄዱም። አባባ ቡልቶ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ፤ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። ሳሉ አጣደፋቸው፤ እስኪያልፍላቸው ጠበቁ።

«እነሱ ወጣቶች ናቸው፤ ይሂዱ» አሉ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሆኜ ከባድ ከባድ ተሸክሜያለሁ። አሁን ትንሽ ልረፍ። በይ ልጄ፣ ጻፊኝ።»

ሐረገወይን የእንስሳት ሐኪምነት ፈቃዷ በዚህ እንደሚነጠቅ ታውቃለች፤ ዛሬ ባይሆን ከርሞ፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ተጎንብሶ ያያል። የሽማግሌውን ክንድ ያዘች። አጥንቱ ቀጭን ነው፤ ቆዳው ላይ የድሮ ጭነት ጠባሳ አለ።

«አሳዳሪ፣ ይህም ድመት ነው። የሳንባ ሕመምተኛ ነው፤ ልጓም አይሰጠውም። ወደ ምዕራብ ጓሮ ይመለስ።»

አሳዳሪው ወዲያው መልስ አልሰጠም። ከዚህ በፊት ለመመለስ ዘግይቶ አያውቅም።

«ዶክተር» አለ በመጨረሻ፣ በጆሮዋ ብቻ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። «ቅድም እነዚህ ሰዎች ናቸው ብለሽኛል።»

«አዎ።»

«አሁን ድመቶች ናቸው ትይኛለሽ።»

«አዎ።»

«ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም። የትኛውን ልመዝግብ?»

ከበሩ ውጭ የቀሩት ሽማግሌዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንዱ ፀሐዩን ሸሽቶ በግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሏል።

«የሚያስበላቸውን» አለች ሐረገወይን።